ስለት ያለው አያልፍም

ኸሰብ፣ አየር ማረፊያው አንድ በር ነው ያለው፤
መጪውም ሂያጁም በዚያው ነው የሚያልፈው።
ተራራው ከጀርባው፣ ባሕሩ ከፊቱ፣
የሆርሙዝ ንፋስ ነው የበረራ ሰዓቱ።
በሳምንት ሦስቴ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን
ከመስከት ትመጣለች፤
ካልመጣችም የሚገረም የለም።

እኔ ወለሉን ነው የማውቀው፤
የትኛው ጫማ ከየት እንደወረደ።
የተራራ ሰው አቧራው ነጭ ነው፣ ኖራ ይመስላል፤
የባሕር ሰው አሸዋ አራግፎ ይሄዳል።
አሥራ አንድ ዓመት ጠረግኩ፤
አንድ ቀን ግን በዚያ በር ወጥቼ ሜዳው ላይ አልቆምኩ።

ኡበይድ የመጣ ዕለት ሐሙስ ነበር።
ከገደሉ አናት፣ በልጅ ልጁ ፒካፕ፣
ከፍየል መኖ ጋር ተጭኖ የወረደ፣
ዓይኑ በሞራ የተጋረደ።
ምሳር ይዟል በእጁ፤
ራሷ ከመዳፍ አትበልጥ፣
እጀታዋ እስከ ወገቡ።
የዚያ ተራራ ወንድ ያለሷ ከቤት አይወጣም፤
ምርኩዙም ናት፣ ክብሩም።

ፈታሹ ኸልፋን፣ ጺሙ ገና ያልበቀለ፣
መሬት መሬት እያየ
«አባቴ፣ ስለት ያለው ነገር አያልፍም» አለ።
በዐረብኛ ነው ያለው።
እኔ ነኝ በልቤ ወደ አማርኛ የመለስኩት፤
መልሼም የደነገጥኩት።

ስለት ያለው አያልፍም።

የመጣሁ ዓመት ለማርያም ተሳልኩ፤
«ታናሼ ዲግሪ ይዞ ሳይቆም
እግሬ አውሮፕላን አይረግጥም» አልኩ።
ታናሼ ትምህርቱን ከተወ ስድስት ዓመቱ።
ባጃጅ አለው፣ ሚስት አለው፣
መንታ ልጆች ደርሰዋል ለክርስትናቱ፤
በፎቶ ሳየው ወፍሯል።
የኔ ስለት ግን እንዳለ አለ፤
ዶልዱሟል፣
ይቆርጣል።

ሽማግሌው ምሳሯን አልሰጥም አለ።
ሻንጣ የለው፣ ከሻንጣ አትገባ፤
ሞተሩ ጮኸ፣ ሰው ተሰለፈ።
ዞር ብሎ በዚያ ጭጋግ ዓይኑ
ከሰው ሁሉ የባልዲዬን ድምፅ መረጠ።
«ስምሽ ማነው?»
«ስንቅነሽ።»
«ምን ማለት ነው?»
«ለመንገድ የሚያዝ ምግብ።»
ሳቀ፤ ሁለት ጥርስ አየሁ።
«እንግዲያ አንቺ ዘንድ ትደር»
ብሎ መዳፌ ላይ አኖራት።
እጀታዋ ሙቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ይመለሳል ተባለ።
ንፋሱ ተነሣ፤ ዘጠኝ ቀን ሰማይ ተዘጋ።
ምሳሯ በመጥረጊያ ክፍሌ፣ ከበረኪናው አጠገብ፣
በፎጣ ተጠቅልላ ሰነበተች።
ማታ፣ ሰው ሁሉ ሲሄድ፣
የጓዝ ሚዛኑ ላይ እወጣለሁ፤
ስልሳ አንድ ኪሎ።
ምሳሯን ታቅፌ ስወጣ፣ ስልሳ ሁለት።
አንድ ኪሎ ነው ለካ ስለት!
አሥራ አንድ ዓመት ምን እንዳጎበጠኝ እንጃ።

በአሥረኛው ቀን ወረደ፤ አንድ ዓይኑ ጠርቶ።
አስቀድሞ በመስታወቱ ተራራውን አየ፣
ረጅም ጊዜ፣ እንደ ተበደረ ሰው።
ከዚያ እኔን።
«አሮጊት መስለሽኝ ነበር» አለ፣ «ድምፅሽ ደክሞት።»
ምሳሯን ተቀብሎ፣ ስለቷን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣
«ግራው ዓይኔ በሚቀጥለው ወር ነው።
እስከዚያ እዚህ ነሽ?»
እዚህ ነኝ አልኩት።
አፌ ቀደመኝ።

ዛሬ መጣ። ኸልፋን አፉን ሳይከፍት
ምሳሯን ለኔ ሰጥቶ አለፈ፤
ቀለል ብሎ፣ ሁለት እጁን እያወዛወዘ፣
ልጅ ይመስል።
እኔ ቆሜ ቀረሁ ምሳር ታቅፌ።
እንጨት ትቆርጣለች፣ አጥንት ትቆርጣለች፤
ትኬት ግን...

የትኬት መስኮቱ ከባልዲዬ
ስድስት እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ።
ዛሬ ወለሉን እዚያ ድረስ ጠረግኩ።